በዘጠኝ ዓመቴ የጠረግኩት መቃብር

በየዓመቱ ሣር የሚታጨድበት ወቅት ሲደርስ ከጎልፍ ክለቡ ደብዳቤ ይመጣልኛል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ራስጌው ላይ በወርቃማ ቀለም የታተመ ዘንባባ አለበት። «ክብርት ወይዘሮ ሬቫ» ብሎ ይጀምራል። በዚህ በኩል ዘመኑ ተሻሽሏል፤ አክስቴን «ክብርት» ብሎ የጻፈላት ነጭ አልነበረም። ከዚያ በብዙ ትሕትና፣ መቃብሮቹ ላይ የተቀመጡትን ዕቃዎች እንዳነሳላቸው ይለምኑኛል። የተሰበረ ሳህን፣ ጠርሙስ፣ ዝገት የበላው ማንኪያ። ለማጨጃው ስለት አይመችም፤ ለተጫዋቾቹም ዓይን አይመችም። ዘንድሮ ደግሞ አንድ ዕቃ ለይተው ጠቅሰዋል፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ደብዳቤውን ባነበብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ንዴት ብቻ አይደለም፤ ሐፍረትም አለበት። አንድ ጊዜ፣ ማንም ሳይለምነኝ፣ ደብዳቤም ሳይጻፍልኝ፣ የሚፈልጉትን አድርጌላቸው ነበርና።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ነጭና ጥቁር ቀላቅሎ ማስተማር በጀመረ በዓመቱ፣ ድልድዩ ተሠርቶ ደሴታችን ከሳውዝ ካሮላይና የብስ ጋር በተገናኘ በአራተኛው ዓመት። አባቴ ኤልሞር ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር፤ ስድስት ዓመቴ ሳለ ጀልባው ተገልብጦ ሞተ። እናቴ ቬርኔል ድልድዩን ተከትሎ በመጣው ኩባንያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፍ ነበር። ስለዚህ ያሳደገችኝ የአባቴ አክስት ኬዚያ ናት ማለት ይቻላል። የሰባ አንድ ዓመት ሴት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለቁጣ የማትሰንፍ። የደሴቱ ሰው ሁሉ አክስት ኬዚያ ነበር የሚላት። እሷ ደግሞ ስሜን ትታ ድንቢጥ ትለኛለች።

አክስት ኬዚያ ሁለት ነገር አትታገሥም፤ ሐሜትና ያልተጠረገ ግቢ። በደሴታችን ግቢ ማለት አሸዋ ነው፤ ሣር ከበቀለበት ሰነፍ ይኖርበታል ይባላል። በየጠዋቱ ከቁጥቋጦ ጭራሮ በታሰረ መጥረጊያ እንጠርገዋለን፤ ያውም እንደነገሩ አይደለም። ከደጃፉ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሄዱ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ፣ አሸዋው የዓሣ አጥንት መስሎ እስኪሰለፍ ድረስ። አንዲት መስመር ከተጣመመች መጥረጊያውን ቀምታኝ እንደገና ታሳየኛለች።

«እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው መሬትሽን ነው» ትለኝ ነበር። «መሬትሽ ከቆሸሸ አንቺን ለማየት ዓይኑን አያነሳም።»

መቃብሩ ግን አይጠረግም። ከጸሎት ቤታችን በስተኋላ፣ ባሕሩ እየሞላና እየጎደለ በሚገባበት ሰርጥ ዳር፣ እንደ ጢም ያለ ግራጫ ሐረግ ከቅርንጫፋቸው ባንዠረገጉት ትልልቅ የኦክ ዛፎች ሥር ነው። የድንጋይ ሐውልት የለውም። እዚያ መጀመሪያ የተቀበሩት ባሪያ ተብለው የተገዙ ናቸው፤ ቀጥለው የተቀበሩት ደግሞ ድንጋይ ለመቅረጽ የሚተርፍ አልነበራቸውም። በድንጋይ ፈንታ ሟቹ በእጁ መጨረሻ የነካውን ዕቃ ሰብረን ከላዩ እናስቀምጣለን። ስኒ፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የቆመ ሰዓት። የሚሰበረውም በከንቱ አይደለም፤ ሞት ሰንሰለት ነው፣ ዕቃው ሲሰበር ሰንሰለቱ ይበጠሳል፣ ቤተሰቡ ተከታትሎ አያልቅም ይባላል። አባቴ የሞተ ዕለት ጠዋት ጠጥቶበት የወጣውን ሰማያዊ ስኒ እጀታውን የሰበረችው አክስት ኬዚያ ናት። ከመቃብር ላይ ዕቃ የሚያነሳ ሰው የለም። የሙታን ነው።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ብዬ አላመካኝም።

ትምህርት ቤት ከጎኔ የምትቀመጥ ጆይስ የምትባል ነጭ ልጅ ነበረች። አባቷ የኩባንያው ትራክተር ነጂ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ አንድ ቀን እንዲያውም ግማሽ ብርቱካኗን ሰጥታኛለች። በዚያው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በገበታው ዙሪያ የተቀመጠው ልጅ ሁሉ እየሰማ፣ «አባቴ ቆሻሻችሁን በሙታናችሁ ላይ ትጥላላችሁ አለ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ገበታው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ልጅ አፍንጫውን ያዘ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «የአባቴ መቃብር ከቤታችሁ ይበልጥ ንጹሕ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰማያዊ ስኒ እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር። መቃብሩ ጋ ስንሄድ ዕቃዎቹን በጆይስ ዓይን አያቸዋለሁ፤ ትናንት ሰዓት የነበረው ዛሬ ቁርጥራጭ ብረት ሆኗል። ልጅ ሆኖ የራስን ነገር በሰው ዓይን ማየት መጀመር ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ሴቶቹ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍላሉ። ቤታችን በአጫጭር ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለነበር እኔ ከበረንዳው ሥር ገብቼ አሸዋው ላይ ተጋድሜያለሁ። የጸሎት ቤቱ ዲያቆን አሞስ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጣ ወረቀት ያነባል። ቃል በቃል እየጎተተ ስለሚያነብ ግማሹን አተሩ ሳህን ውስጥ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ዋጠብኝ።

«ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሰው ይልካሉ» አለ በመጨረሻ። «ቦታውን በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።»

«ምኑን ነው የሚያየው?» አለች እማማ ፊቢ። ሰማንያ ያለፋት፣ አንድ ዓይኗን ሞራ የጋረደባት ጎረቤታችን ናት። «ድንጋይ የለን፣ ጽሑፍ የለን!»

«ያለንን ያያላ» አለች አክስት ኬዚያ።

«ስኒ አይተው መቃብር ነው ሊሉ? ቆሻሻ ነው ነው የሚሉት፣ ልንገርሽ!»

«ይበሉ። ማን እንዳስቀመጠው ይጠይቁኝና አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።»

«ሰውየው ካልተዋጠለትስ?» የእናቴ ድምፅ ነው፤ ደክሟታል።

«ካልተዋጠለትማ» አለ ዲያቆን አሞስ፣ «የኩባንያው ትራክተር በሳምንቱ ይገባል። ኳስ መምቻ ሜዳ ነው የሚያደርጉት።»

«አልበርቴን!» አለች እማማ ፊቢ። አልበርት ሟቹ ባሏ ነው። «አልበርቴን አርሰው ሣር ሊዘሩበት!»

ከሥር ሆኜ ሦስት ነገር ያዝኩ። እንግዳ ይመጣል። መሬቱን አይቶ ይፈርዳል። ቆሻሻ ነው ካለ አባቴ ይታረሳል። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ደግሞ በዚያ ደሴት ላይ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም።

ረቡዕ ዕለት እናቴ ሆቴል፣ አክስት ኬዚያ ደግሞ ባሚያዋን ይዛ በዲያቆኑ መኪና ማዶ ገበያ ሄዱ። ጆንያ፣ የጨዋታ ጋሪዬንና መጥረጊያችንን ይዤ ወደ መቃብሩ ወረድኩ። ፈርቼ ነበር። መጀመሪያ የአባቴን ስኒ አነሳሁ፤ እሱን ካነሳሁ የቀረው ይቀለኛል ብዬ ነው። ከሥሩ ክብ፣ እርጥብ፣ ጥቁር ምልክት ቀረ። «ይቅርታ፣ አባዬ» አልኩት። «ነገ እንግዳ ስላለብን ነው።»

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። የእማማ ፊቢን ባል መብራት፣ ሁለት የሳል መድኃኒት ጠርሙስ፣ እጅ የሌላት የሸክላ አሻንጉሊት፣ አንገቷ የተሰበረ ማሰሮ። ብዙዎቹ ከመቆየታቸው የተነሳ መሬቱ ይዟቸው ስለነበር በጣቴ እየቆፈርኩ ነበር የማወጣቸው። በጋሪ እያመላለስኩ ሰርጡ ውስጥ ጣልኳቸው፤ ባሕሩ ሞልቶ ነበር፣ አንድም ሳያስቀር ዋጠልኝ። በመቃብሮቹ ዙሪያ የተደረደሩትን የባሕር ዛጎሎችም ለቃቀምኩ። ከዚያ ከትልቁ ኦክ ጀምሬ፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ፣ መቃብሩን ሁሉ ጠረግኩት። አንዲት መስመር አልተጣመመችም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ሥራ የለኝም፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ሐሙስ ሴቶቹ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ ተሰለፉ። የአውራጃው መርማሪ ሚስተር ዴል ከኩባንያው ሰው ከሚስተር ፕረስኮት ጋር በአንድ መኪና መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወጣት፣ ፀሐይ ያቀላው።

«ኬዚያ የምትባይው አንቺ ነሽ?» አላት፤ የሰባ አንድ ዓመቷን ሴት።

«ነኝ፣ ጌታዬ። ይከተሉኝ፤ አሳይዎታለሁ።»

ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ስንዞር ከሁሉ ቀድሜ ሮጬ ዞሬ ቆምኩ፤ ፊታቸው ሲበራ ለማየት። አክስት ኬዚያ ቆመች። መሬቱን አየችው።

«መብራቱስ?» አለች እማማ ፊቢ፣ በደህና ዓይኗ እየፈለገች። «ኬዚያ፣ የአልበርት መብራት የት ሄደ? እናንተ ሰዎች፣ መብራቱስ?»

ሚስተር ፕረስኮት ሳል ሳል አደረገው። «እንግዲህ እንደምታየው ጫካ ነው። እነሱ ተናገሩ እንጂ እዚህ ምንም የለም ብዬህ ነበር።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ማየት ጀመረ።

ያኔ ነው አክስት ኬዚያ የተንቀሳቀሰችው። ጫማዋን አወለቀች። ወደ መሃል ገባችና እግሯን ሳታነሳ፣ መሬቱን እየጎተተች፣ እያጨበጨበች በክብ መዞር ጀመረች። በጸሎት ቤታችን መንፈስ ሲመጣ የምንዞረው ዙር ነው፤ እግር አይነሳም፣ እግር ከተነሳ ዘፈን ሆነ ማለት ነው። እማማ ፊቢ እያለቀሰች ተከተለቻት። ከዚያ እናቴ፣ ከዚያ ሁሉም። ሃያ ሴት ባርኔጣዋን እንደደፋች አቧራውን እያስነሳች ዞረች። ሚስተር ፕረስኮት ወደ ኋላ ሸሸ፣ ሚስተር ዴል ባርኔጣውን አውልቆ የሚገባበት ጠፋው።

እኔ አክስቴ በሐዘን አበደች ብዬ ነበር። ስንት ዓመት እንደዚያ ብዬ ኖርኩ!

ሚስተር ዴል ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ሲሄድም ጮክ ብሎ ነገራት። «የመቃብር ምልክት አልታየም ብዬ ነው የማመለክተው። ስብሰባው በሳምንቱ ሰኞ ነው፤ ሌላ የምትዪው ካለሽ እዚያ ተናገሪ።»

ሴቶቹ ኩባንያው ነው ያስነሳው አሉ። ሌላ ማን ሊጠረጠር? እኔ የኦክ ሥር ላይ ተቀምጬ ነገሩ ቀስ እያለ ይገባኝ ጀመር። ያለን ምስክር እነዚያ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ውሻዋ እኔ ነኝ። ልናገር ተነሳሁና ወደ ቤት ሮጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት አክስት ኬዚያ ባልዲ አንስታ «ድንቢጥ፣ ነይ ሸርጣን እናጥምድ» አለችኝ። ባሕሩ ጎድሎ ሰርጡ ጭቃ ብቻ ነበር። እሷ ወደ ሸርጣኑ ቦታ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ እኔ ወደጣልኩበት ሄደች። ጭቃው ውስጥ የመብራቱ አንገት ብቅ ብሏል፤ አጠገቡ አሻንጉሊቷ ሰማይ ሰማይ ታያለች።

«እይ!» አለች፣ በግርምት ዓይነት። «ባሕሩ መለሰልን።»

እግዚአብሔር ነው ያሳያት ብዬ አመንኩ። የጋሪዬ ጎማ ከመቃብሩ እስከ ሰርጡ ድረስ አሸዋውን ሁለት መስመር አድርጎ አርሶት እንደነበር አሁን ነው የማስበው።

እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ ገብተን ለቀምን። ከሰዓት ሴቶቹም መጡ፤ የቤተ ክርስቲያን ልብሱ ቀርቶ የሥራ ቀሚስ ወደ ላይ ተቋጥሮ። ሁሉም ዕቃ አልተገኘም፤ ከሁሉም በላይ ሰማያዊው ስኒ አልተገኘም። ሦስት ጊዜ ተመልሼ ፈለግኩት፤ አክስቴ ፈልጊ አላለችኝም፣ ተይውም አላለችኝም።

ቀጥሎ የመጣው ቅጣት ነው ብዬ ነበር። ሌላ ልጅ ሲጫወት እኔን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ዕቃ ታሳጥበኛለች። አንዱን አንስታ ከዓይኔ ፊት ትይዘዋለች።

«ይሄስ የት ነበር?»

«ከትልቁ ኦክ በስተግራ።»

«ስንት እርምጃ?»

«ስድስት። በኔ እርምጃ።»

«የማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ሂጂና እማማ ፊቢን ጠይቂ። ስትመለሺ ወረቀቱ ላይ ክብ አድርጊና ጻፊበት።»

እሷ መጻፍ አታውቅም። በስኳር መጠቅለያ ቡናማ ወረቀት ላይ ዛፎቹን ሣልኩ፣ ክቦቹን ሣልኩ፣ ስሞቹን ጻፍኩ። ማታ ታስተኛኝና ጠዋት እንደገና ትጀምራለች፤ ማንኪያውን ከሹካው ጋር ቀላቅላ ልታሳስተኝ ትሞክራለች። አንድ ቀን በምሬት አለቀስኩባት። «አልቅሺ» አለችኝ፤ «እያለቀስሽ ንገሪኝ። ይሄስ?» የትኛው ከየት እንደተነሳ እኔ እንዴት እንደማውቅ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ይህ እንዴት እንዳልከነከነኝ ዛሬም ይገርመኛል።

ሰኞ ዕለት ዕቃዎቹን በሁለት የእንጨት ሣጥን ጭነን ድልድዩን ተሻገርን። እናቴ ፈቃድ ጠይቃ ስለተከለከለች በሆቴሉ የሥራ ልብስ፣ ነጭ ሽርጧን እንዳሰረች ነበር የመጣችው። ነገ ሥራ እንደማይኖራት ታውቅ ነበር፤ እኔ ግን ሽርጧን ለጌጥ ያሰረችው መስሎኝ ነበር።

በአውራጃው አዳራሽ ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ አምስት ነጭ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጥቁር ከኋላ ይቁም የሚለው ሰሌዳ ከተነሳ ቆይቷል፤ ሚስማሩ ግን አልተነቀለም፣ ሰዉም ከኋላ ነበር የቆመው። አክስት ኬዚያ ብቻ ሄዳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እኔንም ከጎኗ ሳበችኝ።

«ኬዚያ፣ አምስት ደቂቃ አለሽ» አለ ሊቀመንበሩ።

ተነሳች። «ወይዘሮ ኬዚያ ይበሉኝ፣ ጌታዬ። አምስት ደቂቃውን ከዚያ ይጀምሩ።»

ከኋላ አንድ ሰው «እልል» ሊል ደርሶ አፉን ያዘ። ሊቀመንበሩ ቀላ፤ «ቀጥይ… ይቀጥሉ» አለ።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች የማን እንደሆኑ ተናገረች። የአልበርት መብራት። በወሊድ የሞተችው የሜሎዲ ማንኪያ። በባርነት ተወልዳ በነጻነት የሞተችው የገዛ አያቷ ማሰሮ። ስትጨርስ ሚስተር ፕረስኮት ተነሳ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር።

«ሐዘናችሁ ይገባኛል። ግን የተሰበረ ሸክላ በሣጥን ሞልቶ መምጣት ማንም ይችላል። መርማሪው ቦታው ላይ ምንም አላየም። እነዚህ ዕቃዎች እዚያ እንደነበሩ፣ የትኛውስ የት እንደነበረ፣ ይዞ አይቶ የሚመሰክር ሰው አለ?»

አክስት ኬዚያ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች። ወደ እኔ አልዞረችም። አንድ ጊዜ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ ብትዞር ኖሮ፣ በልጅነቴ ሁሉ «እሷ አስነሳችኝ» እል ነበር።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ ያነሳኋቸው» አልኩ።

ከኋላ የእናቴ «ኢየሱስ!» የሚል ድምፅ ተሰማኝ። አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ አልዘጋ አለ። ስለ ጆይስ ተናገርኩ፣ ስለ እንግዳው ተናገርኩ፣ ስለ ጋሪዬ ተናገርኩ። «ሰርጡ ውስጥ ጣልኩት። እንዳይቀየሙን ብዬ ነው። ግን የቱ የት እንደነበረ አውቀዋለሁ።»

ሚስተር ፕረስኮት ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም፤ ካርታዬን ተቀብሎ ለሚስተር ዴል ሰጠው፣ ራሱ ከሣጥኑ አንድ ጠርሙስ አንስቶ አሳየኝ።

«ይሄ?»

«ከሰርጡ በኩል፣ የተጠማዘዘው የዛፍ ሥር አጠገብ። ሁለት ነበሩ። አንደኛው እጄ ላይ ተሰበረ።» ጣቴን አሳየሁት፤ ቁስሉ ገና አልዳነም ነበር።

«ይሄስ?» «ይሄስ?» ሰባት ዕቃ አነሳ። ሰባቱንም ነገርኩት። ሚስተር ዴል ካርታው ላይ እየፈለገ ራሱን ይነቀንቃል። መጨረሻ ላይ ጣቱን አንድ ክብ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ክብና ስም ብቻ ነው ያለው። ዕቃ አልተጻፈም። ምን ነበረ?»

«ሰማያዊ ስኒ» አልኩ። «የአባቴ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የለም። ፈለግኩት፣ አጣሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ከዚያ በኋላ ለቅሶዬ መጣ።

ሚስተር ዴል ካርታውን ይዞ ቆመ። «ጎድጎድ ያለ ቦታ አይቼ ነበር» አለ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ሳይሆን ወደ ጫማው እያየ። «ዛፍ የተነቀለበት ጉድጓድ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ሳየው እዚሁ ክቦቹ ላይ ነው የሚውለው።»

ውሳኔው ለአሥራ አምስት ቀን ተላለፈ። ሚስተር ዴል ካርታዬን ይዞ መጣ፤ በቀጭን ብረት መሬቱን እየወጋ ሥራዬ ብሎ መረመረው። ስልሳ ሦስት መቃብር ተገኘ። ካርታዬ ላይ አርባ አንድ ነበሩ፤ ሃያ ሁለቱን እማማ ፊቢ እንኳ አታውቃቸውም ነበር።

ነጮቹን ያራራቸው እንባዬ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አርባ ዓመት ሲሞላኝ የስብሰባውን መዝገብ አስወጥቼ አነበብኩት። እኔ በአንድ መስመር ነው ያለሁት፦ «አንዲት ጥቁር ልጅ ተናገረች፤ ካርታው ከፋይሉ ጋር ተያያዘ።» ከሥሩ የኩባንያው ጠበቃ አስተያየት አለ፤ የታወቀ መቃብር ማረስ ወንጀል ነው፣ ካርታው ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ አላወቅንም ማለት አይቻልም ይላል። ማንም አልራራም። ወረቀቱን ፈሩ። የስኳር መጠቅለያውን።

መቃብሩን አተረፍን፤ በዙሪያው ያለውን የደሴቱን ጫፍ ሁሉ ግን ወሰዱት። እናቴ በስብሰባው ማግስት ከሥራዋ ተባረረች። ዛሬ አባቴ ጋ ለመድረስ የጥበቃውን በር አልፌ፣ መታወቂያ አሳይቼ፣ በሜዳው ዳር በተሠመረልኝ መንገድ ነው የምሄደው። ይህን ድል ማለት ይቻል እንደሆነ አክስቴን ጠይቄያት ነበር። «አልበርት ተኝቶበታል፤ ሌላው ገና ነው» አለችኝ።

ያን የጠየቅኳት ከኮሌጅ ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ነበርን። ያን ቀን ስለ ዙሩም አነሳሁባት፤ በሐዘን ያበደች መስሎኝ እንደነበር ነገርኳት።

ሳቋ እስኪያስላት ሳቀች። «ድንቢጥ፣ የገዛ መጥረጊያዬን እኔ ላላውቀው? ገና ሳየው አወቅኩት። ያ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ሊያየው ነው። 'ራሳቸው ጠርገው ጣሉት፣ ቆሻሻ ባይሆን ይጥሉት ነበር?' ሊል ነው። ሴቶቹም በዚያ ሰዓት ቢያውቁ በሕይወት አይተውሽም ነበር። ስለዚህ መስመሩን አጠፋሁት፣ በእግሬ።»

«ለምን ያኔውኑ አልነገርሽኝም?»

«እኔ ብነግርሽ የኔ ምስክር ትሆኚ ነበር። እኔ የፈለግኩት የነሱን ምስክር ነው» አለችና በአገጯ ሙታኑ ወደተኙባቸው ዛፎች አመለከተች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባትነሺ ኖሮስ ብዬ ያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ አንድዬ ነው የሚያውቀው» አለች።

በቀጣዩ ጸደይ ሞተች። ጠዋት ግቢውን እየጠረገች ነበር፤ ግማሹን ጨርሳ ደረጃው ላይ አረፍ እንዳለች፣ መጥረጊያው ጭኗ ላይ እንደተጋደመ አገኘናት። የቀረውን ግማሽ እኔ ጠረግኩት። አንዲት መስመር አላጣመምኩም። ከዚያ መጥረጊያውን ጉልበቴ ላይ ሰበርኩትና በሞተች በሦስተኛው ቀን ከመቃብሯ ራስጌ አስቀመጥኩት። ጭራሮው ሲበሰብስ በየጊዜው እዚያው ላይ አዲስ አስርበታለሁ፤ እንጨቱ ግን ያው የሷ ነው።

ዘንድሮ ክለቡ ለይቶ የጠቀሰው ዕቃ እሱ ነው። «በተለይ የተሰበረውን አሮጌ መጥረጊያ» ይላል ደብዳቤው፤ እንግዶች የጽዳት ሠራተኛ ረስቶት የሄደ እየመሰላቸው ቅሬታ ያቀርባሉ። ከአባቴ መቃብር ላይ ግን ምንም አንሺ አላሉኝም። እዚያ ምንም የለም፤ ባዶውን ቦታ በሄድኩ ቁጥር በጣቴ ክብ አድርጌበት ነው የምመለሰው።

ሌላ ጊዜ በጠበቃ በኩል ረጅም መልስ እልክላቸው ነበር። ዘንድሮ ጠበቃም አላስፈለገኝም። ደብዳቤያቸውን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ በእጄ ጻፍኩ፦

«ክቡራን፣ ያንን መሬት አንድ ጊዜ አጽድቼላችኋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ አላነሳም።»